የትኛው ማረፍ

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቃል ነው፤ ቃሉን ደግሞ የመረጠችው እሷው ራሷ ነበረች።

ከእሷ በፊት በቤተ ሙከራው የነበሩት ሁሉ ስለ ጡንቻ ግንድ ሴሎች ሲያወሩ «ተኝተዋል» ነበር የሚሉት። አነጋገሩ ለሰሚ ይጥማል። በጤነኛ ጡንቻ ውስጥ እነዚህ ሴሎች ከጡንቻው ክር ጎን ተለጥፈው ምንም ሳይሠሩ ይቀመጣሉ። ጡንቻው ሲቀደድ ይነሳሉ፣ ይባዛሉ፣ የተቀደደውን ይሞላሉ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ለሚቀጥለው ጉዳት እንዲተርፉ ተመልሰው ወደ ቦታቸው ይገባሉ። እሷ ግን አንድ ቀን በስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ፣ «ተኝተዋል አይባልም» አለች።

«ምን ሊባል ነው ታዲያ?» አሉ ኃላፊዋ። ኃላፊዋ ፀጉራቸውን አሳጥረው የሚቆረጡ፣ ቀልድ የሚገባቸው ግን የማይስቁ ሴት ናቸው።

«የተኛ ሰው የሚነግሩትን አይሰማም። እነዚህ ግን ይሰማሉ። የጡንቻው ክር ‹ቆይ፣ ቆይ› እያለ ይነግራቸዋል፤ እየሰሙ ነው የሚቆዩት። ዘብ ላይ ያለ ወታደር ቁጭ ስላለ ተኛ አይባልም። አርፈዋል ነው መባል ያለበት።»

ኃላፊዋ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «አርፈዋል ስትይ ሞተዋል ብሎ የሚሰማ ቢመጣስ?»

«ጡንቻ የሚያጠና ሰው እንደዚያ አይሰማም።»

«ጡንቻ የሚያጠናውም ሰው ነው» አሉ ኃላፊዋ። ግን ተዉት። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ ውስጥ ሴሎቹ በሚያድጉበት ሳህን ክዳን ላይም፣ በግድግዳ ላይም፣ በወሬም «አርፈዋል» ሆነ። «ተኝተዋል» ያለ ሰው ካለ እሷ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ሰውዬውም ያርማል።

ቃሉ ተስተካከለ፤ ሥራው ግን አልተስተካከለም። ችግሩ እርጅና ነበር። ባረጀ ጡንቻ ውስጥ «ቆይ» የሚለው መልእክት ይደክማል። ሴሎቹ ማንም ሳይጠራቸው ይነሳሉ፤ አንዴ ከተነሱ ደግሞ ተመልሰው ማረፍ ያቅታቸዋል። አንዳንዶቹ ሲባዙ ኖረው ያልቃሉ፤ ሌሎቹ መባዛቱንም መመለሱንም ሳይችሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ተንጣልለው ይቀራሉ። ያረጀ ጡንቻ ሲቀደድ በጡንቻ ፈንታ ጠባሳ የሚሞላው ለዚህ ነው። የእሷ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ የጠፋባቸውን «ቆይ» ከውጭ ቢያገኙት ያረጁት ሴሎች ተመልሰው ያርፋሉ?

መልእክቱን የሚያደርሰው ፕሮቲን በጎረቤት ሴል ገጽ ላይ እንደ ተዘረጋ እጅ ቆሞ የሚገኝ ነው፤ ግንዱን ሴል ሲነካው መልእክቱ ይደርሳል። እሷ ያንን እጅ ለብቻው አውጥታ በሳህን ወለል ላይ ልትለጥፈው ሞከረች። መጀመሪያ አልተለጠፈም። ከዚያ ተለጠፈ፤ ግን መዳፉ ወደ ታች ተገልብጦ። ሲቃና ሴሎቹን ሻጋታ በላቸው። ሻጋታው ሲጠፋ ሴሎቹ የሚቀመጡበት ማሞቂያ ሳጥን ተበላሽቶ ቀቀላቸው። ሳጥኑ ሲጠገን ሴሎቹ ሊያርፉ ሲሉ፣ ልታያቸው ከሳጥኑ ባወጣቻቸው ቁጥር ብርድና ብርሃኑ ይረብሻቸዋል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

የሚያበሳጨው ደግሞ ያረጀች አይጥ በፈለጉ ጊዜ አትገኝም። አይጥ እስክታረጅ ሁለት ዓመት ያህል መጠበቅ ነው፤ እርጅናን የሚያፋጥን መሣሪያ የለም። በክፍሉ «አሮጊቶቹ» የሚባሉት አይጦች በእሷ ሙከራ አንድ በአንድ ሲያልቁ፣ ኃላፊዋ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ።

«እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው» አሏት። «ሴሎቻቸው አርፈው፣ ከዚያ ደግሞ ተነስተው ካሳየሽኝ ጥያቄው ያንቺ ነው። ካልሆነ የአይጦቹን መደርደሪያ ለልብ ጡንቻ ክፍል ሰዎች እሰጠዋለሁ፤ አንቺም ከእነሱ ጋር ትሠሪያለሽ።»

«ማረፋቸው ብቻውን አይበቃም?»

«የመረጥሽው ቃል እኮ ሁለት ፍቺ አለው። ጸጥ ያለ ሴል አርፎ ይሁን ደርቆ፣ ካልቀሰቀስሽው በምን አውቃለሁ?»

ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸው ነው የሚያናድደው።

*

ያ ሁሉ ሆኖ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሆነላት።

ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅና አልነቅልም አለች። ከአሮጊቶቹ የወሰደቻቸው ሴሎች ተሰብስበው፣ ጠበው፣ ዙሪያቸውን አጥርተው ተቀምጠዋል። ለሁለት የሚከፈል አንድም የለም። የተንጣለለም የለም። ከጎናቸው፣ ፕሮቲኑ ባልተለጠፈበት ሳህን ያሉት እህቶቻቸው አሁንም ይተራመሳሉ። ደጋግማ አነጻጸረች። ሳህኖቹን ወደ ማሞቂያው ሳጥን መልሳ በሩ ላይ «ያለ እኔ እንዳይከፈት» ብላ ለጠፈች። ነገ «ተነስ» የሚለውን ቀለብ ትሰጣቸዋለች፤ በቤተ ሙከራው ሴሎች የሚያድጉበትን ፈሳሽ ቀለብ ነው የሚሉት። ከተነሱ አበቃ፤ ጥያቄው ተመለሰ።

ለማን እንደምትነግር ስታስብ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበረች።

«አባትሽ ወደቀ!»

አባቷ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ወጥተውም ዳኝነቱ አልወጣላቸውም። ከወራት በፊት ለሰፈር ተጫዋቾች፣ ዳኛ ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል እንዴት ወደ ኋላ እንደሚሮጥ ላሳያችሁ ብለው ሮጠው የጭናቸው ጡንቻ ተቀደደ። ከዚያ ወዲያ አልጋ ያዙ። ራስጌያቸው ፊሽካ፣ ቢጫ ካርድና ቀይ ካርድ አለ። ውኃ ሲያምራቸው በፊሽካ ይጠራሉ። እግራቸውን ልታሠራ የመጣችውን ባለሙያ በቀይ ካርድ ነው ያሰናበቷት። ጭናቸው ከሳምንት ሳምንት ይቀጥናል። ልጃቸው የዓለምን የጡንቻ ጽሑፍ ሁሉ አንብባ የአባቷ ጭን ሲቀልጥ ቁጭ ብላ ታያለች።

የተወሰዱበት ክሊኒክ ስትደርስ አባቷ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሐኪሙ ጋር ይከራከራሉ።

«አጥንትዎ ደህና ነው» ይላል ሐኪሙ። «ግን ይነሱ። ይራመዱ። ያልሠራ ጡንቻ ይቀልጣል።»

«ተነስቼ እኮ ነው የወደቅሁት! የቴሌቪዥኑን ሪሞት ላነሳ ብዬ።»

«ጡንቻዎ ስለደከመ ነው የወደቁት።»

«እንግዲያው የደከመ ይረፍ!» አሉ፤ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። ሐኪሙ የቀይ ካርዱን ትርጉም ሳይጠይቅ ወጣ።

እሷ በኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ከመቸኮል ብዛት ነጩን ጋዋኗን እንኳን አላወለቀችም። ልቧ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ስልኳ ሲጠራ የቤተ ሙከራው ቁጥር ነው። የደወለው «ፈጥኖ ደራሽ» ነበር። ይህን ስም ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው። ከልብ ጡንቻ ክፍል ነው፤ ሰው አስነጠሰ ሲባል መሐረብ ይዞ የሚደርስ፣ ያልጠሩት ቦታ የሚገኝ፣ ደግ ሰው።

«ምነው እንዲያ ስትሮጪ ወጣሽ አሉ! እንዴት ናቸው?» አላት።

ከቤተ ሙከራ የሚደውል ሰው ስለማን ሊጠይቅ ይችላል? በሩ ላይ የለጠፈችውን አይቶ መሆን አለበት ብላ አሰበች።

«አርፈዋል» አለችው።

ውጤቱን ለሰው ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የወራት ድካም አብሮ ወጣና ድምፅዋ ተሰበረ።

«ምን? አረፉ?»

«አረፉ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ከዚያ ሁሉ መተራመስ በኋላ፣ ጸጥ ብለው።»

«እግዜር ያጽናሽ» አላት በቀጠነ ድምፅ።

ይሄ ሰው ሲያጋንን ብላ አሰበች። ግን ውሸት አይደለም፤ ለነገው ጽናት ያስፈልጋታል። «አሜን» አለች። «ዋናው የነገው ነው። ሁላችሁም ብትኖሩ ደስ ይለኛል። ለኃላፊያችንም ንገርልኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው! ማን ይቀራል?»

«ነገ እኮ ይነሳሉ!»

«አይዞሽ» አላት። «አይዞሽ እህቴ። ውኃ ቢጤ ጠጪ። ብቻሽን አትሁኚ።»

«ይነሳሉ ስልህ!»

«እሺ፣ እሺ፣ ይነሳሉ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ እንባ ያለ መሰላት። ስልኩ ተዘጋ።

ለሴል ይለቀሳል እንዴ? ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተች። አባቷ ፊሽካቸውን ነፉ።

ቤት ሲገቡ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። «አባዬ፣ እስቲ አልጋው ጫፍ ላይ እንኳን ይቀመጡ» ብትላቸው፣ «ተዉኝ። ከእንግዲህ አርፌያለሁ» አሉ።

«ሲተኙ እኮ ነው ጡንቻው የሚጠፋው። ውስጡ ያሉት ሴሎች ሥራ ካልጠራቸው...»

«መርማሪ!» አሏት። ተመራማሪ ማለትን ለቤት አሳጥረው መርማሪ ነበር የሚሏት። «የኔን ጭን ከአይጥሽ ጋር አታሰልፊው። ባለቤቱ አርፌያለሁ ካለ አርፏል።»

በሩን ዘጋችባቸው። ጮክ ብሎ ነው የተዘጋው።

*

በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል የደጁ ደወል ጮኸ። ከፈተች።

ደረጃው ላይ ኃላፊዋ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው የልብ ጡንቻ ክፍል ሰዎች፣ የክፍሉ ጸሐፊ፣ የማሞቂያ ሳጥኑን የሚጠግነው ሰውዬ ሳይቀር አለ። ከሁሉም ፊት ጥቁር መነጽር ያደረገው ፈጥኖ ደራሽ አበባ ይዞ ቆሟል። አፏን ሳትከፍት አንገቷ ላይ ተጠመጠመ።

«እኔን! እኔን!» እያለ ያለቅሳል። አበባው ጀርባዋን ይወጋታል።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«አይ አምላኬ፣ ገና አልገባትም» አለች ጸሐፊዋ፣ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ።

እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ጥቁር የለበሰ ሕዝብ፣ የሚያለቅስ ወንድ፣ መሐል ላይ ልጇ። «እህቴ ናት!» ብላ ጮኸች። «እህቴ ናት አይደል! ደብቃችሁኝ ነው!» ማንም ምንም ሳይላት ደረቷን ትደቃ ጀመር። እሷን ያየ ሁሉ አብሮ አለቀሰ።

«ማነው የሞተው?» የሚል የወንድ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ፈጥኖ ደራሽ መነጽሩን አወለቀ። «እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?»

«ባሌ ነዋ!» አለች እናቷ እያለቀሰች።

ከዚያ አንድ ፊሽካ፣ ረጅም፣ ጨዋታ የሚያስቆም፣ ቤቱን ሰነጠቀው።

አባቷ በመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። በፒጃማ፣ ፊሽካው በአፋቸው፣ አንድ እጃቸው በበሩ መቃን ላይ። ከአልጋ በገዛ እግራቸው! እየተንቀጠቀጡ አንድ እርምጃ ወጡ፤ ግድግዳውን ይዘው ሌላ ወጡ፤ ሳሎኑ መሐል ደረሱ።

«ማን ነው ሞቴን ያጸደቀው?» አሉ።

ጣት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ።

ቢጫ ካርዱ ወጣ። «አንተ! መስመር ዳኛ ሳትጠይቅ! የቪዲዮ ማጣሪያ ሳታይ!»

«አርፈዋል አለችኝ!» ሲል ጮኸ ፈጥኖ ደራሽ። «እሷው ናት! አባቷ ወደቁ ተብላ ሮጠች ሲሉኝ ደወልኩ፤ እንዴት ናቸው አልኳት፣ አርፈዋል፣ በዓይኔ አየሁ አለችኝ። ነገ ይነሳሉ ስትለኝ ደግሞ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው ብዬ...»

«ሴሎቹ!» አለች። «ስለ ሴሎቹ እኮ ነው! ሴሎቹ አርፈዋል!»

መጀመሪያ የሳቁት ኃላፊዋ ናቸው። በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ማንም ሲስቁ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን የወንበር መደገፊያ ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ። ሳቁ ወደ ሁሉም ተዛመተ። እናቷ እህቷ ደህና መሆኗን በስልክ ካረጋገጠች በኋላ፣ «ሟርተኞች!» እያለች ሻይ ልትጥድ ገባች።

እሷ ዓይኗን ከአባቷ ጭን ላይ ልታነሳ አልቻለችም። ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይሸከማል። ወንበር ብታቀርብላቸው፣ «ለቀስተኛ እያለ ሟች አይቀመጥም» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ተቀመጡ።

ሻዩ ሲቀዳ ቦርሳዋን አነሳች። «ይቅርታ፣ እኔ ልሂድ። ቀለቡን ልሰጣቸው። ዛሬ መነሳት አለባቸው።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አላት ፈጥኖ ደራሽ። ስሕተቱን የሚክስበት ነገር ስላገኘ ፊቱ በራ። «እኔ ሁሉንም ጨርሼልሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሳህኖቹን ነዋ። ለቅሶ ላይ ሆነሽ ማን ይቀልባቸዋል? በሩ ላይ ያለ እኔ እንዳይከፈት ብለሽ የለጠፍሽውን ሳይ አንጀቴን በላኝ። ያን ያህል የደከምሽበት ነገር ሊበላሽ ነው አልኩ። ትናንትናውኑ ፎርማሊን ጨመርኩባቸው። ልክ እንዳየሻቸው፣ ሳይነቃነቁ ይጠብቁሻል።»

ፎርማሊን ሴልን በዚያች ቅጽበት እንዳለ ይይዘዋል። ቅርጹን ይጠብቃል፣ ምልክቱን ይጠብቃል፣ ሕይወቱን ግን አይጠብቅም።

«ሁሉንም?» አለች።

«አንድም አላስቀረሁም!»

ኃላፊዋ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በሳቅ ከቆየው ፊታቸው ላይ ሳቁ ቀስ እያለ ሲወርድ አየችው። ከሁለቱ በቀር ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። አባቷ ለጸሐፊዋ ስለ አንድ አወዛጋቢ ቅጣት ምት ይተርኩ ነበር።

«ምነው?» አለ ፈጥኖ ደራሽ። «ምነው ዝም አላችሁ?»

እሷ ከቦርሳዋ ጋር እንደቆመች ቀረች። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን የሰውዬው ዓይን በእንባ ብዛት አሁንም አብጧል። ያለቀሰው ለእሷ አባት ነው፣ ከልቡ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብሎ ይቆጡታል? የሚወርድበት ሲያጣ ቁጣዋ ተመልሶ ሆዷ ገባ፤ እዚያም ተቀመጠ።

*

ሳህኖቹ ላይ የሚቻለው ሁሉ ተደረገ። የሞተም ሴል ቢሆን አንዳንድ ነገር ይናገራልና ቀለም ቀባቻቸው። የግንድ ሴል ምልክት የሆነው ፕሮቲን ሁሉም ውስጥ በአረንጓዴ በራ። የመባዛት ምልክት የሆነው ቀይ አንዱም ውስጥ አልነበረም። ጨለማው ክፍል ውስጥ ኃላፊዋና እሷ ትከሻ ለትከሻ ሆነው አዩ። ቆንጆ ነበሩ። አስከፊው ይህ ነው፤ ሥራዋን ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ቀን ያማረ ምስል አላየችም።

«አርፈዋል» አለች።

«የትኛው ማረፍ?» አሉ ኃላፊዋ። ለክፋት አልነበረም፤ በዝግታ ነው የጠየቁት።

«አረንጓዴው አለ። ማንነታቸውን አልጣሉም።»

«አልጣሉም። መነሳት ይችሉ እንደነበር ግን አይነግረኝም። ምናልባት ያንቺ ፕሮቲን አሳርፏቸዋል። ምናልባት ጨርሶ አደንዝዟቸዋል። ግማሽ ማስረጃ ነው።»

«ይችሉ ነበር።»

«ታውቂያለሽ ወይስ ታምኛለሽ?»

የሳህኑ ክዳን ላይ በእጇ የጻፈችውን ወረቀት በጥፍሯ ልትልጠው ሞከረች፤ ግማሹ ተላጠ፣ ግማሹ እንደ ተለጠፈ ቀረ። እሱም እምቢ ማለቱ ነው! መሳቢያውን በጉልበቷ ገጭታ ዘጋችው፤ ጉልበቷ ታመመ፤ መሳቢያው መልሶ ተከፈተ።

«በአንድ ቃል!» አለች። «ሰው በአንድ ቃል እንዲህ ይሆናል?»

«ተኝተዋል ብትይው ኖሮ» አሉ ኃላፊዋ፣ «ያ ሰው ‹ይተኙ እንጂ፣ እንቅልፍ ጥሩ ነው› ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር።»

መደርደሪያው ለልብ ጡንቻ ሰዎች ተሰጠ። እሷም ከእነሱ ጋር መሥራት ጀመረች፤ የማታውቀውን ጥያቄ፣ በማታውቀው ሴል ላይ። የፈጥኖ ደራሽ ጠረጴዛ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት ወንበሯን ይጠርግላታል፣ ያልጠየቀችውን ጓንት ያቀብላታል፣ «ተቀይመሽኛል?» ይላታል። «አልተቀየምኩም» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ግን ሰላም የሚሰጥ እውነት አልነበረም።

መደርደሪያው ከተሰጠ በኋላ አንድ ቀን ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ፣ «የታችኛውን እርከን ብቻ ይተዉልኝ» አለች።

«ለምን?»

«ግልገል አይጦች አስገባለሁ። እስኪያረጁ እጠብቃለሁ።»

«ሲያረጁ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

«ከሚቀጥለው ሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ።»

«የታችኛው እርከን ያንቺ ነው» አሉ ኃላፊዋ። «ቃሉን ግን ቀይሪው።»

«አልቀይርም። ቃሉ ልክ ነው።»

«ልክ መሆኑ ምን ረባሽ?»

ቃሉን ግን አልቀየረችውም።

*

ቤት ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ብስጭት ሆነ። አባቷ የለቅሶው ዕለት ተነስተው፣ በማግስቱ ተመልሰው ተኙ። ብትለምናቸው፣ እናቷ ብትቆጣቸው፣ «ለቀስተኛ ካልመጣ ምን ያስነሳኛል?» ይላሉ። እንደ ቀልድ ጀምረውት ሕግ አደረጉት፤ ዳኛ ደግሞ ሕግ ካወጣ አበቃ።

መጨረሻ ላይ ተሸነፈችና ፈጥኖ ደራሽን ጠራችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርቶ መምጣቱ ነበር። ከሥራ መልስ ደጁ ላይ ይቆምና፣ «እግዜር ያጽናችሁ!» ብሎ ይጮኻል። ከውስጥ ፊሽካ ይነፋል። አባቷ እየተራገሙ፣ መጀመሪያ መቃን ይዘው፣ እየቆየ ሳይዙ፣ ወጥተው ካርድ ያሳዩታል። እሱም፣ «አሁንም አልሞቱም እንዴ?» ይላቸዋል። እናቷ፣ «ሟርትህ በራስህ ይዙር!» ትልና ሻይ ትቀዳለታለች። ጭናቸው ላይ ሥጋ መመለስ ጀመረ። እሷ በመለኪያ ጥብጣብ እየለካች ታየዋለች፤ አይካድም።

«እንግዲህ መርማሪ» አሏት አንድ ምሽት፣ ቆመው። «አርፎ ነበር፣ ተነሳ። ያረጀ ጡንቻ ነው፣ ያውም የኔ። ለአለቃሽ ማስረጃ ይሁንሽ፤ ይዘሽኝ ሂጂ።»

«አይሆንም፣ አባዬ።»

«ለምን አይሆንም?»

«አንድ ሰው ብቻ ነዎት። ከጎንዎ ሆኖ የሚነጻጸር የለም። የተነሱት በፕሮቲን ይሁን በንዴት ማን ያውቃል?»

«በንዴት ነው» አሉ አባቷ ያለ ማመንታት፤ ለእሷም ቢጫ ካርድ አሳዩአት።

ግልገሎቹ አይጦች በታችኛው እርከን ገቡ። ጠዋት ወደ ልብ ጡንቻ ክፍል ከመሄዷ በፊት ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች። ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። እርጅና የሚባል ነገር የደረሰበት አንድም የለም። ጭናቸው እንደ ተወጠረ ገመድ ነው።

«ምናለ አሁን ቶሎ ብታረጁ!» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን እንዲሁ ጎንበስ እንዳለች ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ማን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም።

«እንዴት ናቸው?» አለ ፈጥኖ ደራሽ።

አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ቀና ብላ ዞረች።

«እነማን?» አለችው። «ስማቸውን ጠርተህ ጠይቀኝ።»